«ሾኮላ» የተባለው ፊልም ያገኘው ምስጋናና ነቀፌታ

ክሌር ዴኒ የተባለች ፈረንሣዊት የመጀመሪያ ረዥም ፊልሟን «ሾኮላ»ን በካን የፊልም በዓል ለውድድር ያቀረበችው በ1988 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ታሪኩ የሚፈጸመው በሰሜን ካሜሩን፣ ሚንዲፍ በተባለ ሥፍራ፣ አገሪቱ ነፃ ከመውጣቷ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ፍራንስ የምትባል የአስተዳዳሪ ልጅ የወላጆቿን ቤትና ፕሮቴ የተባለውን አሽከር እያየች ታድጋለች። ዴኒ ራሷ የቅኝ ግዛት ሹም ልጅ ሆና በአፍሪቃ ስላደገች፣ ብዙዎች ፊልሙን እንደ ግል ትዝታ ቈጠሩት።

አመስጋኞቹ ብዙዎች ነበሩ። የቺካጎው ጸሐፊ ሮጀር ኢበርት በ1989 የመጨረሻውን ማዕርግ፣ አራት ኮከብ ሰጠው። የተመሰገነው በተለይ ስለ ቍጥብነቱ ነው። እመቤቲቱና አሽከሩ እርስ በርሳቸው እየተፈላለጉ ምንም አይናገሩም። አንድ ቀን እግሩን ብትነካው ጐትቶ ያስነሣታል እንጂ እሺ አይላትም፤ እርሷም ባልዋን ለምና ከቤት ታስወጣዋለች።

ነቀፌታው ግን ቀላል አይደለም። በ1955 ፈረንሣይ የካሜሩን ሕዝቦች ኅብረት የተባለውን ፓርቲ አገደች፤ መሪው ሩበን ኡም ኒዮቤ በ1958 በፈረንሣይ ወታደሮች እጅ ተገደለ። ይህ ጦርነት በፊልሙ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላም በ1990 «ኡትር ሜር»፣ በ1992 «ኢንዶሺን» ስለ ወጡ፣ ሁሉም የጠፋ ግዛት ናፍቆት ናቸው የሚሉ ተነሡ። በእርግጥ ዓመፁ የበረታው በደቡብና በምዕራብ እንጂ በሰሜን አልነበረም፤ ስለዚህ ይህ ክስ በግማሽ ብቻ የሚጸና ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነቀፌታ፣ ማለት የፕሮቴ ዝምታ፣ ይበልጥ ይከብዳል። ካሜሩናዊው ፈርዲናንድ ኦዮኖ በ1956 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ አሽከሩ ቱንዲ የቀን መዝገብ ይጽፋል፤ ጌቶቹን የሚያየውና የሚፈርድባቸው እርሱ ነው። ዴኒ ግን ዓይኑን ለነጭ ልጅ ሰጠች። እንግዲህ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጣው ፊልም ከልብ ወለዱ ወደ ኋላ ተመለሰን?

እኔ እንዲህ ለማለት አልደፍርም። ፕሮቴ በውጭ ገላውን ሲታጠብ እመቤቲቱና ልጂቱ ሲመጡ አይቶ በኀፍረት ያለቅሳል፤ ልጂቱ ግን ይህን አታይም፤ የምናየው እኛ ብቻ ነን። ስለዚህ ትዝታው የእርሷ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ደግሞ ፕሮቴ ከቤት ከወጣ በኋላ ልጂቱ የመብራት ሞተሩ ዘንድ ሄዳ ቱቦው ያቃጥል እንደ ሆነ ትጠይቀዋለች። እርሱ ቃል ሳይናገር ቱቦውን በእጁ ይይዛል፤ እርሷም አምናው ትይዝና ትቃጠላለች። አንዳንዶች ይህን በቀል፣ አንዳንዶች ስንብት ብለውታል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ነው፤ የራሱም እጅ አብሮ ተቃጥሏልና። ልጂቱ አድጋ ወደ ካሜሩን በተመለሰች ጊዜ በመኪናው ያሳፈራት ጥቍር አሜሪካዊ መዳፏን ሊያነብ ቢሞክር የሚነበብ መሥመር አላገኘም።