ውሃው የእግዜር፣ ቧንቧው የማን?

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ጫፍ ያሉት ቦረና፣ ሳይንት፣ ወግዲና ከላላ ውሃ የተነፈጉ አገሮች አይደሉም። በሽሎና ወለቃ ገደሉን ሰንጥቀው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ ዓባይም ራሱ አካባቢውን ከጎጃም ይለያል። ችግሩ ሰው የሚኖረው ደጋው ላይ፣ ወንዙ የሚሄደው ደግሞ ሸለቆው ውስጥ መሆኑ ነው። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም የተቆረቆረችው 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከዓባይ ልቅዳ ብትል አቀበቱ ብቻውን ያከስራታል።

ስለዚህ የዚህ አገር ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚጠጣው ምንጭ ነው። ክረምት የዘነበው ዝናብ በጥቁሩ ድንጋይ ስንጥቅ ሰርጎ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ሲገጥመው ከገደሉ ግርጌ ይፈልቃል። ማጣሪያው ተራራው ነው፤ ደመወዝም መብራትም አይጠይቅም። የአገራችንን የውሃ ማከም ሥራ ታሪክ ስናነብ ደጋው እምብዛም የማይነሳው ለዚህ ይመስለኛል። ታሪኩ የተጻፈው ተራራው ሊያጣራው ያልቻለውን ውሃ በጠጡ ከተሞች ነው።

የቧንቧው መጀመሪያ ቤተ መንግሥት ነበር። በ1880ዎቹ የዳግማዊ ምኒልክ ባለሟል የነበረው ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ግቢው ቧንቧ ዘረጋ። ውሃ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሰው ተገርሞ ግጥም ገጠመለት። ያ ቧንቧ ግን የንጉሡ እንጂ የከተማው አልነበረም፤ ሒሳብ የሚከፍልበት ደንበኛም አልነበረውም። አዲስ አበባ ሰፍታ የእንጦጦ ምንጮች ሲያንሷት በ1930ዎቹ የገፈርሳ ግድብ ተሠራ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ለገዳዲ ተከተለ፤ ማጣሪያው ሲጀምር በቀን 50,000 ሜትር ኩብ ያመርት ነበር፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ 150,000 አደገ።

የሥራው ኢኮኖሚ የተለወጠው ለገዳዲ ላይ ነው። የለገዳዲ ውሃ ቀይ ጭቃ አለበት። ጭቃው እጅግ የደቀቀ በመሆኑ ቢያቆዩትም አይዘቅጥም፤ አሉም (አሉሚኒየም ሰልፌት) ሲጨመርበት ነው እየተያያዘ ከታች የሚቀረው። ከዚያ በአሸዋ ይጣራል፣ በመጨረሻም ክሎሪን ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ኬሚካል፣ ላቦራቶሪ፣ በፈረቃ የሚያድር ሠራተኛ ይፈልጋል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው በ1963 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በሕግ የተቋቋመው። አሉሙም ቢሆን ዝም ብሎ ከውጭ ሲገዛ አልቀረም፤ አዋሽ መልካሳ ላይ የአሉሚኒየም ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ተተከለ። ከከተማ ቧንቧ ጀርባ ያለው ፋብሪካ ይሄ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ከዋና ከተማዋ ውጭ ያለው አገር ተራ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በደርግ ዘመን፣ በ1973 ዓ.ም.፣ የውሃ አቅርቦትና ፍሳሽ ባለሥልጣን የሚባል አገር አቀፍ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። አደረጃጀቱ ማዕከላዊ ነበር፦ መሐንዲሱም፣ ፓምፑም፣ በጀቱም ከአዲስ አበባ ይወርድ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ሥራው ለክልሎች ተላለፈ፤ ከተሞችም በቦርድ የሚመራ የራሳቸው የውሃ አገልግሎት ኖራቸው። የአማራ ክልል ከተሞች ታሪክ እርስ በርሱ አይመሳሰልም። ጎንደር የአንገረብን ግድብ ውሃ አጣርታ ትጠጣለች፤ ግድቡን ደግሞ ደለል እየሞላው አሳስቧታል። ባሕር ዳር ጣና ዳር ተቀምጣ ለዘመናት የጠጣችው አረቄና ሎሚ የተባሉትን ምንጮች ነው። ሐይቁ አጠገቧ እያለ ምንጭ መምረጧ ስንፍና አይደለም። የምንጭ ውሃ አሉም አይፈልግም።

ገጠሩ ግን ሌላ ዘዴ ፈጠረ። በፊንላንድ ድጋፍ በ1986 ዓ.ም. ገደማ በአማራ ክልል የተጀመረው የገጠር ውሃ ፕሮግራም፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ደፋር ነገር ሞከረ፦ የግንባታውን ገንዘብ ለኮንትራክተር ሳይሆን ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰጠ። ገንዘቡ ያልፍ የነበረው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ቅርንጫፍ በኩል ነው፤ አብቁተ ያኔ ባንክ አልነበረም፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ኮሚቴው ሲሚንቶ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል፣ ደረሰኝ ያወራርዳል፤ ነዋሪው ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል። ከዚህ የበለጠ ብልህ የውሃ አደረጃጀት በአገራችን ያየሁ አይመስለኝም።

ለምንጭ ውሃ ሕክምናው ከምንጩ በኋላ ነው የሚያስፈልገው። ከገደሉ ንጹሕ ሆኖ የወጣው ውሃ ከብት በሚጠጣበት የምንጭ አፍ፣ ባልታጠበ ጄሪካን፣ ክዳን በሌለው እንስራ ይበከላል። በተባበሩት መንግሥታት የክትትል ሪፖርት መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ ደኅንነቱ የተጠበቀ የመጠጥ ውሃ የሚያገኘው ሕዝብ 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለቤት ውስጥ ማከሚያ ውሃ አጋርና ቢሻን ጋሪ የተባሉ ምርቶች ገበያ ላይ ቀርበዋል። አለበለዚያ ማፍላት ነው። በመካነ ሰላም ከፍታ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ተሐዋሲውን ለመግደል ይበቃል፣ ማገዶው ግን ከየት ይመጣል? ከደን ነው። ደኑ ሲመነጠር ዝናቡ ሳይሰርግ በጎርፍ ይሄዳል፣ ምንጩም ይነጥፋል።

ከሁሉ የከበደው የትንሽ ከተማ ሒሳብ ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ፖሊሲ የገጠር ተጠቃሚ የማስኬጃና የጥገና ወጪ፣ የከተማ ተጠቃሚ ደግሞ ሙሉውን ወጪ እንዲሸፍን ይላል። መካነ ሰላምን የመሰሉ ከተሞች መሐል ላይ ተቀርቅረዋል። ከተማ ስለተባሉ ሙሉ ወጪ ይጠየቃሉ፣ ደንበኛቸው ግን ጥቂት ነው። የፓምፕ ኦፕሬተሩ፣ የቆጣሪ አንባቢው፣ የክሎሪን መጨመሪያው ወጪ ግን ደንበኛ ስላነሰ አያንስም። ታሪፍ ከፍ ይበል ሲባል ደግሞ ቦርዱ ይፈራል፤ ቦኖ ላይ ተሰልፋ በጄሪካን የምትቀዳዋ እናት ናት ቀድማ የምትጎዳው። በገጠሩ የ25 ሊትር የነፍስ ወከፍ መለኪያ እንኳ ብንሄድ አምስት ነፍስ ያለው ቤት በቀን ከስድስት ጄሪካን በላይ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። የዚህን ሸክም ዋጋ የትኛውም የታሪፍ ጥናት ላይ አላየሁትም።

እኔ ብጠየቅ ታሪፉ ላይ አንዲት መስመር እጨምር ነበር። ከመብራቱ፣ ከደመወዙና ከመለዋወጫው ቀጥሎ፣ ከየሜትር ኩቡ ጥቂት ሳንቲም የምንጩን ራስጌ ለሚጠብቁ ገበሬዎች ይከፈል። በዚሁ አገር ያለው የደንቆሮ ጫካ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው፤ ጥበቃው ግን ለእንስሳቱ ተብሎ እንጂ ለውሃው ተብሎ አልተሰላም። ይህ ክፍያ ለገዳዲ ለአሉም የሚከፍለውን ያህል እንኳ አይጠይቅም፤ ለዚህ ሥራ ከውጭ የሚገዛ ዕቃ ስለሌለ ዶላርም አይፈልግም።