ከእንዶድ እስከ ሰልፎኒክ አሲድ፦ የአረፋ ኬሚካሎች ታሪክና የጤና ባለሙያው

ኮዬ ፈጬ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ይገኛል። የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ከመነሣታቸው በፊት ሥፍራው የገበሬ ማሳ ነበር። በሀገራችን ደጋና ወይና ደጋ በአጥር ጥግና በወንዝ ዳር የሚበቅለው እንዶድ ለዚህ ዓይነቱ ምድር እንግዳ አይደለም፤ በኦሮምኛም ሀንዶዴ ይባላል። ዛሬ በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ልብስና ዕቃ የሚታጠበው በዱቄት ሳሙናና በተለምዶ «ላርጎ» እየተባለ በሚጠራው ፈሳሽ ሳሙና ነው። በእንዶድና በላርጎ መካከል ሰፊ የዘመን ርቀት ያለ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም እድፍን የሚያስለቅቁት በአንድ ዓይነት ጠባይ ነው፤ ሰውን የሚጎዱትም በዚያው ጠባይ ነው።

ይህ ጠባይ ያላቸው ንጥረ ነገሮች በሳይንሱ ቋንቋ ሰርፋክታንት ይባላሉ። የሞለኪውላቸው አንደኛው ጫፍ ውኃን፣ ሌላኛው ጫፍ ስብን ይወድዳል። በመሆኑም የውኃን የገጽ ውጥረት ይቀንሳሉ፣ ቅባትን ከጨርቅ ፈልቅቀው በውኃ ውስጥ ይበትናሉ። የጤና ባለሙያው ቃሉን የሚያውቀው በይበልጥ ከጨቅላ ሕፃናት ሳንባ ጋር ነው፤ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚያጣጥረው ይህ ንጥረ ነገር በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ ስለሚጎድለው ነው። የልብስ ማጠቢያው ሰርፋክታንት ግን ወደ ሳንባ ከገባ የተፈጥሮውን ሽፋን ያውካል። ከዚህም ሌላ የሕዋስ ሽፋን ራሱ ከስብ የተሠራ ነው፤ ስብን የሚያላቅቅ ነገር በቂ መጠን ካገኘ ሕዋስንም ይበጥሳል።

ይህን በኢትዮጵያ ምድር በግልጽ ያሳየው ክሥተት የተስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያን መተላለፊያ በማጥናት ላይ ሳሉ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ሥፍራ በርክተው አገኙ። እንዶድ በትግርኛ ሽብቲ ይባላል፤ ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ በውኃ ሲመታ አረፋው ሸማን ያነጻል። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ተውሳክ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በቀንድ አውጣ አካል ውስጥ የግድ ማደግ ስላለበት፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድል የሀገር ተክል መገኘቱ ትልቅ ተስፋ ነበር። በጊዜው ለዚህ ሥራ የሚሸጠው የውጭ ኬሚካል ለድሃ ሀገር ውድ ነበርና።

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ በትናንሽ ሕፃናት ዘንድ የቢልሃርዚያ ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ መውረዱ ተመዘገበ። ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በበኩላቸው ልዩ ልዩ የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው በማወዳደር ቁጥር 44 የተባለውን ኃይለኛ ዝርያ ለዩ። በፍሬው ውስጥ ያለው ገዳይ ክፍል ሳፖኒን መሆኑም ታወቀ። ሳፖኒን ዕፅዋት የሚሠሩት ሰርፋክታንት ነው፤ በሕዋስ ሽፋን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ጋር እየተጣበቀ ሽፋኑን ይበሳሳዋል፤ ደም ውስጥ በቀጥታ ከገባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈነዳል።

ሆኖም እንዶድ ወደ ሰፊ አገልግሎት አልተሻገረም። ዓለም አቀፍ ተቋማት የመርዛማነቱ ጥናት እነርሱ በሚቀበሉት የላቦራቶሪ ሥርዓት እንዲደገም ጠየቁ። ኢትዮጵያውያን እናቶች ለብዙ ትውልድ በእጃቸው ሲያሹት የኖሩት ነገር እንደ አዲስ ባዕድ ኬሚካል ተቆጠረ። የምርመራው ክርክር እስከ 1990 ገደማ ዘለቀ። ዶክተር አክሊሉ የአፍሪካ ተመራማሪ ውጤት ተገቢው አመኔታ አይሰጠውም ሲሉ በአደባባይ ወቅሰዋል፤ ወቀሳቸውም መሠረት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ሳይንቲስቶች «አማራጭ ኖቤል» ተብሎ የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ፤ እርሳቸው የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በመስፋፋቱ የቢልሃርዚያ ቁጥጥር ዋና መንገድ ሕክምናው ሆነ።

ክርክሩ ቢያታክትም ጥያቄው ራሱ ከንቱ አልነበረም። ምርመራዎቹ እንዶድ ዓይንን ክፉኛ እንደሚያቃጥልና ቀንድ አውጣን በሚገድል መጠኑ ዓሣንም እንደሚገድል አረጋግጠዋል፤ በሌላ በኩል በውኃ ውስጥ በአጭር ጊዜ ፈርሶ ኃይሉን እንደሚያጣ ታይቷል። በሀገረሰብ ሕክምና ፍሬው ወይም ሥሩ ለኮሶ ትል፣ ለጨብጥ፣ ጽንስ ለማስወረድም ይጠጣል፤ መጠኑ ሲያልፍ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ፣ አንዳንዴም ሞት ማስከተሉ የታወቀ ነው። ለሸማ የተስማማ ነገር ለሆድ አይስማማም። «ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ዛሬም በክሊኒክ ስለሚሰማ፣ የእንዶድ ታሪክ ለዚህ ሁነኛ መልስ ነው።

ሰው ሠራሽ የሆኑት አቻዎቹ የመጡት በሌላ መንገድ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የስብ እጥረት የገጠማት ጀርመን ያለ ስብ የሚሠራ ማጠቢያ ፈለገች፤ ከሁለተኛው ጦርነት በኋላም ከነዳጅ ዘይት የሚገኘው አልኪልቤንዚን የዱቄት ሳሙና ዋና ጥሬ ዕቃ ሆነ። በ1950ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ወንዞች ላይ የአረፋ ክምር ታየ። ምክንያቱ የዚያ ዘመን ሞለኪውል ሰንሰለት ቅርንጫፋም በመሆኑ ባክቴሪያዎች ሊበሉት አለመቻላቸው ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ምዕራብ ጀርመን በሕግ፣ የአሜሪካ አምራቾችም በስምምነት ቀጥ ያለ ሰንሰለት ወዳለው ዓይነት ተሻገሩ፤ ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበትም ይኸው ነው። ባክቴሪያዎች የሚያፈርሱት ግን አየር ባለው ውኃና በማጣሪያ ጣቢያ ነው። ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ወንዝ በሚገባበት ቦታ ለዓሣም ሆነ ለሌላው የውኃ ሕይወት ጎጂነቱ ይቀራል። የአዲስ አበባን የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርደው የአቃቂ ወንዝ፣ ዳርና ዳሩም አትክልት የሚለማበት መሆኑ፣ ጉዳዩን ለደቡብ አዲስ አበባ ነዋሪ ቅርብ ያደርገዋል።

ከሁሉ ቅርብ የሆነው አደጋ ግን ከወንዙ በፊት፣ በጀሪካኑ ውስጥ ነው። የላርጎ ዋና ጥሬ ዕቃ ሰልፎኒክ አሲድ፣ በሙሉ ስሙ ሊኒየር አልኪልቤንዚን ሰልፎኒክ አሲድ፣ እንደ ማር የወፈረ ቡናማ ፈሳሽ ነው። አምራቹ በውኃ አቅጥኖ በኮስቲክ ሶዳ አሲድነቱን ያበርደዋል፤ ያን ጊዜ ለእጅ የሚስማማ ሳሙና ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን ቆዳን የሚያቃጥል፣ የዓይን ብሌንን እስከ መጨረሻው ሊያጠፋ የሚችል ብርቱ አሲድ ነው። ኮስቲክ ሶዳውም ከእርሱ የማይተናነስ አቃጣይ ነው፤ ቃጠሎው ወደ ውስጥ እየጠለቀ ስለሚሄድ እንዲያውም ይብሳል። ሁለቱ ሲገናኙ ብርቱ ሙቀት ስለሚፈጠር ድብልቁ ሊፈናጠር ይችላል። የፋብሪካ ሠራተኛ መነጽር፣ የላስቲክ ጓንትና ሽርጥ ያደርጋል፣ አሲዱን ጥቂት በጥቂት ወደ ውኃ ይጨምራል እንጂ ውኃ በአሲዱ ላይ አይደፋም፣ በብረት ዕቃም አያስቀምጥም። ሥራው በአነስተኛ ካፒታል የሚጀመር በመሆኑ በየመኖሪያ ቤቱም ይሠራል፤ እነዚህ ጥንቃቄዎች ግን ከጀሪካኑ ጋር አብረው አይመጡም። እንዶድ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ሲመረመር፣ አሲዱ ያለ ምልክት በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ከምግብ ማብሰያ ጎን መቀመጡ የሚያስገርም ነው። በጠርሙሱ ቅርጽ የሚታለለው ደግሞ በዋናነት ሕፃን ነው።

አደጋ ደርሶበት የሚመጣውን ሰው በተመለከተ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። የተዘጋጀ ፈሳሽ ሳሙና ጥቂት የዋጠ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ከማስታወክ ያለፈ ጉዳት አይደርስበትም፤ ዋናው ሥጋት አረፋው በትውከት ጊዜ ወደ ሳንባ መግባቱ ነው። ስለዚህ እንዲያስታውክ ማድረግ አይገባም። ቤተሰቡ በብዛት የሚያጠጣው ወተትም ትውከትን በመጥራት ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል፤ ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ጥቂት ጉንጭ ውኃ ይበቃል። ሳል ወይም ፈጣን አተነፋፈስ የታየበት ሕፃን ወደ ቤቱ ሊሸኝ አይገባም። የዋጠው ጥሬ አሲዱን ወይም ኮስቲክ ሶዳውን ከሆነ ግን ጉዳዩ ፍጹም ሌላ ነው፤ አፉ ውስጥ ቁስል ባይታይም ጉሮሮው ሊቃጠል ስለሚችል፣ የሆድ እጥበትና የከሰል ዱቄት ሳይሞከር በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይላካል። ዓይን ወይም ቆዳ ከተነካ ልብሱ ወልቆ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ወዲያውኑ፣ ለዓይን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ ኮስቲክ ሶዳ ከሆነ ከዚያም በላይ መታጠብ አለበት፤ አሲዱን በሶዳ፣ ሶዳውን በሎሚ ለማብረድ መሞከር ሙቀት ፈጥሮ ቃጠሎውን ያብሳል። ከዚህ ጋር በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ እንደሚወጣ መታወስ ይኖርበታል፤ በተዘጋ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሁለቱን ቀላቅላ ሳል የጀመራት ሴት በቅድሚያ የሚያስፈልጋት ንጹሕ አየርና ኦክስጅን ነው።

በታሪክ መጠይቁ ወቅት «ሳሙና ጠጣ» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። ቤተሰቡ ጠርሙሱን ይዞ እንዲመጣ መንገር፣ ፈሳሹ የወፈረ ቡናማ ወይስ የቀጠነ ባለ ቀለም መሆኑን መመልከት፣ በቤቱ ውስጥ ሳሙና የሚሠራ ሰው መኖሩን መጠየቅ፣ የፒኤች ወረቀት በእጅ ካለም ከጠርሙሱ ጠብታ ወስዶ መንካት ሕፃኑ የትኛው እንደደረሰበት ለመለየት ይረዳል።