ከፍርድ በፊት ይግባኝ የሚባልበት ትእዛዝ

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሕንድ ሕግ ብዙ ነገር ወስዷል። በይግባኝ ረገድ ግን ጠበብ ያለ መንገድ መረጠ። የሕንዱ ሕግ ክርክር ሳያልቅ ይግባኝ የሚባልባቸውን ትእዛዞች በረዥሙ ሲዘረዝር፣ የእኛው አንቀጽ 320 በቀጠሮ፣ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያና በማስረጃ አቀባበል ላይ የተሰጠ ትእዛዝ ከመጨረሻው ፍርድ ጋር ካልሆነ በቀር ይግባኝ እንዳይባልበት ከለከለ።

የክልከላው ምክንያት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጎልቶ ይታያል። ከባቱ ወይም ከመቂ በሞጆ በኩል አዳማ ደርሶ ይግባኝ ለሚከራከር ሰው እያንዳንዱ ጉዞ የሥራ ቀንና ገንዘብ ይፈጃል። በየትእዛዙ ይግባኝ ቢፈቀድ ኖሮ፣ ሀብታሙ ባለጋራ ድኻውን በምልልስ ብቻ ባደከመው ነበር።

ሆኖም ሕጉ በኋላ የማይጠገነውን ጉዳት ለይቶ አወጣ፤ ይኸውም ሰው እንዲታሰር ወይም ንብረት ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲተላለፍ ሲታዘዝ ወዲያውኑ ይግባኝ ይባላል። አስቀድሞ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ዋስትና የተነፈገ ተከሳሽ በ20 ቀን ውስጥ እንዲያመለክት ፈቅዷል። በእስር ያለፈ ቀን በነጻ መለቀቅ አይመለስምና።

መቃወሚያው ተቀባይነት አግኝቶ መዝገቡ የተዘጋ እንደ ሆነም ክርክሩ አብቅቷልና ይግባኙ ክፍት ነው። እንግዲህ ተሟጋቹ ትእዛዙ ሲነበብለት ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው፤ ጉዳቴ በመጨረሻው ፍርድ ሊታረም ይችላልን?