ወገብና ሸክም፤ በኮልፌ ቀራንዮ የወገብ ሕመምና የእፎይታው ታሪክ

በአማርኛ «ወገብ» የአካል ክፍል መጠሪያ ብቻ አይደለም። ለሥራ የቆረጠ ሰው «ወገቡን ታጥቆ ተነሣ» ይባላል፤ የቅርብ ዘመዱን በሞት የተነጠቀም «ወገቤ ተቆረጠ» እያለ ያለቅሳል። ቋንቋው የሥራን ብርታትና የሐዘንን ክብደት በአንድ የአካል ክፍል ላይ ማሳረፉ ያለ ምክንያት አይደለም። ከተሞቻችን ለረጅም ዘመን የተገነቡት በሰው ወገብ ነውና። ይህንን ለመረዳት ምዕራብ አዲስ አበባ፣ በተለይም የዛሬው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ጥሩ ምስክር ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ፈጥኖ ስለ ተመናመነ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ እንደ ነበር ይታወቃል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው የአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከዚህ ዕጣ አዳናት። ይሁን እንጂ ዛፉ በራሱ እግር ወደ ከተማ አይገባም። በኮልፌ «አጠና ተራ» የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከባሕር ዛፍ አጠና ገበያ ነው። አጠናው ለጭቃ ቤት ግድግዳና ለጣራ፣ በኋላም ለፎቅ ሥራ መወጣጫና ድጋፍ ሲውል፣ ከደን ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ ሥራ ቦታ ካጓጓዙት አንዱ የሰው ትከሻና ወገብ ነበር። በአቅራቢያው ባለው መርካቶም ወዛደሩ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ኩንታል በጀርባው ተሸክሞ ከመኪና ወደ መጋዘን ሲያመላልስ ኖሯል።

ከሁሉም ይልቅ የከበደው ሸክም ግን የወደቀው በሴቶች ላይ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ባስጠናው ጥናት እንደ ተመለከተው፣ ከከተማዋ ዙሪያ ደን ማገዶ የሚያመጡ ሴቶች ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንብሰው ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዙ ነበር። በ1980ዎቹ የተቋቋመው የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ሽመናን የመሰለ ሌላ መተዳደሪያ ይዞ መነሣቱ ትልቅ ትርጉም አለው። ለወገብ የተገኘው እፎይታ ከቅባት ወይም ከክኒን ሳይሆን ከሥራው መለወጥ የመጣ ነበርና።

የወገብ ሕመምተኛ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነበር። ወጌሻው በቅቤ ያሻል፣ ይጎትታል፣ ይጠግናል። ሌላው በዋግምት ደም ያስወጣል፣ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፣ ጠበል ይገባል፤ ብዙ ሴቶችም መቀነታቸውን አጥብቀው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሙቀትና እሽታ ለጊዜው ሕመም እንደሚያስታግሡ አይካድም። ነገር ግን ሕመምተኛው በማግስቱ ወደዚያው ሸክም ስለሚመለስ ሕመሙም አብሮት ይመለሳል።

ዘመናዊው ሕክምናም ቢሆን መንገዱን ወዲያው አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ሾልኮ ነርቭን ሲጫን ወደ እግር የሚወርድ ሕመም እንደሚያስከትል የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ የወገብ ሕመም ሁሉ የዲስክ ጉዳት ተደርጎ የመታየቱ ዝንባሌ በረታ፤ ለሕመምተኛውም ለብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት፣ ከአልጋ እንዳይነሣ ይታዘዝለት ጀመር። የቀን ገቢውን በቀን ለሚያገኝ የኮልፌ ተሸካሚ እንዲህ ያለው ትእዛዝ ከሕመሙ የማይተናነስ ችግር ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ1920ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ በዚሁ በምዕራብ አዲስ አበባ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተመሠረተ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በስፍራው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል (አለርት) ተቋቋመ። ማዕከሉ የተነሣበት ዓላማ ሌላ በሽታ ይሁን እንጂ በስሙ ውስጥ «ማገገሚያ» የሚለው ቃል መግባቱ ልብ ሊባል ይገባዋል። የሕክምና ግቡ በሽታን ማስወገድ ብቻ ሳይሆን ሰውን ወደ እንቅስቃሴና ወደ ሥራ መመለስ ነው የሚለው ሐሳብ ለወገብ ሕመምም ዋና ቁልፍ ሆኖ ተገኝቷል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ የዲግሪ ትምህርት ሲጀመር ይኸው ሐሳብ በአገር ውስጥ ባለሙያዎችን ማፍራት ቻለ።

ሸክም በወገብ ላይ የሚያደርሰው ጫና በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ የማንሻ ሕግ ነው። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ከአከርካሪ 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢያዝና የጀርባ ጡንቻ ከአከርካሪው ኋላ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ቢሠራ፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ ጡንቻው በ160 ኪሎ ግራም ኀይል መሳብ አለበት። ጀሪካኑ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ሲቀርብ ግን ኀይሉ ወደ 80 ይወርዳል። ስዊድናዊው ሐኪም አልፍ ናኬምሶን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሕያው ሰው ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብተው ግፊቱን በመለካት ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል። ጎንበስ ብሎ ክብደት የያዘ ሰው የዲስክ ግፊት ቀጥ ብሎ ከቆመው ሰው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚህ በመነሣት «እንግዲያው የታመመ ይተኛ» ማለት ግን ስሕተት መሆኑ ከጊዜ በኋላ ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሁለት ቀን ብቻ ያረፉት ሰባት ቀን እንዲያርፉ ከታዘዙት ይልቅ ከሥራ የቀሩበት ቀን ያነሰ መሆኑን ገለጠ። በ1995 በፊንላንድ የተደረገውም፣ ሕመማቸው በፈቀደው መጠን የዘወትር ኑሯቸውን የቀጠሉት ከተኙት ቀድመው መዳናቸውን አሳየ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለከረመ የወገብ ሕመም የአካል እንቅስቃሴንና ትምህርትን ሲመክር፣ የወገብ ቀበቶን፣ አከርካሪን መጎተትንና ከኦፒየም ወገን የሆኑ ማስታገሻዎችን እንደ ዘወትር ሕክምና አልደገፈም። ሆኖም እግር ከዛለ፣ በብልት አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ፣ ሽንት ወይም ዐይነ ምድር መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይም ሕመሙ ከትኩሳትና ከክሳት ጋር ከሆነ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። በአገራችን የአከርካሪ ነቀርሳ እንዲህ ባለ መልክ ሊመጣ ይችላልና።

ለሕመምተኛው የሚበጀው ምክር ይህ ከሆነ፣ ለሙያ ባልደረቦች የሚቀረው ጥያቄ ሸክሙን ማን ያቅልለው የሚል ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአንድ ጎልማሳ ወንድ የፈቀደው ከፍተኛ ክብደት 55 ኪሎ ግራም ነው፤ ኩንታሉ ግን የዚህ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም በ1991 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ቀመር፣ ሁኔታው ሁሉ የተመቸ ቢሆን እንኳ ለማንሣት የሚመከረውን በ23 ኪሎ ግራም ወስኗል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች የሲሚንቶ ከረጢት ወደ 25 ኪሎ ግራም ዝቅ ሲል በእኛ የሥራ ቦታዎች 50 ኪሎው ዛሬም ይነሣል፤ ባሬላውም በሁለት ሠራተኞች እጅ መወጣጫውን ይወጣል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሚኪሊላንድና በሌሎች ስፍራዎች በተሠሩት ባለአራት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶችም አሳንሰር የለም። ውኃ በተቋረጠ ቁጥር ያው 20 ሊትር ጀሪካን በነዋሪው እጅ ደረጃውን ይወጣል።

እነዚህ ሁሉ ሐኪም የሚያዝባቸው ነገሮች አይደሉም። የከረጢቱ መጠን፣ የመወጣጫው ተዳፋት፣ የቁሳቁሱ ማራገፊያ ከሚሠራበት ቦታ ያለው ርቀት፣ የዕቃ ማንሻ መኖርና አለመኖር፣ የውኃ ግፊቱ አራተኛ ፎቅ መድረስና አለመድረሱ የሚወሰኑት በንድፍ ወረቀት ላይ ነው። በአጠና ተራ ያለፈው ትውልድ ከተማዋን በወገቡ ተሸክሞ አቁሟል። ለተከታዩ ትውልድ እፎይታው መጀመር ያለበት ከሕክምና ክፍል በፊት፣ ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ ነው።