የዳታቤዝ ሎግ ፋይል ለምን ያብጣል? ምንስ ይደረግ?

በየመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ክፍል በተደጋጋሚ ከሚሰሙት ጥያቄዎች አንዱ «ዲስኩ ሞልቷል፤ ምን እናጥፋ?» የሚለው ነው። ጥያቄው የሚነሳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ነው፤ ደመወዝ በሚዘጋጅበት ሳምንት ወይም ዓመታዊ ሒሳብ በሚዘጋበት በሰኔ መጨረሻ። ሲታይ ዳታው ራሱ 20 ጊጋባይት ሆኖ ከጎኑ ያለው ሎግ ፋይል 180 ጊጋባይት ደርሷል። ይህ ለምን እንደሚሆን፣ ምን መደረግ እንዳለበትና በተለይም ምን መደረግ እንደሌለበት በሥራዬ ያየሁትን ለአንባቢያን ለማካፈል እሞክራለሁ። ምሳሌዬ የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ነው፤ ዘወትር የምሠራበት እሱው ስለሆነ። ስለ ሌሎቹ ወደ መጨረሻው ጥቂት እላለሁ።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። ሎግ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ሰርቨሩ ሲሠራ የዋለውን የሚተርክ፣ ቢጠፋ ማንንም የማይጎዳ ማስታወሻ ነው። እንዲህ ዓይነት ሎግ በእርግጥ አለ። የትራንዛክሽን ሎግ ግን የዳታቤዙ ግማሽ አካል ነው። ማንኛውም ለውጥ ወደ ዳታው ፋይል ከመሄዱ በፊት መጀመሪያ እዚህ ይጻፋል። ሒሳብ ያጠኑ አንባቢያን ነገሩን በቀላሉ ይረዱታል፤ ገቢና ወጪ መጀመሪያ በዕለት መዝገብ ይሰፍርና ኋላ ወደ ሌጀር ይተላለፋል። መብራት ድንገት ሲጠፋና ሰርቨሩ ተመልሶ ሲነሳ ሎጉን ያነባል፤ የተጠናቀቀውን ሥራ ዳታው ላይ ይደግመዋል፣ በጅምር የቀረውን ደግሞ ይሰርዘዋል። ይህን አሠራር በዝርዝር ያስቀመጠው ኤሪስ የተባለው ዘዴ ሲሆን፣ የአይቢኤም ተመራማሪው ሲ. ሞሃንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 አሳትመውታል። እንደኛ መብራት ለሚመላለስበት አገር ሎጉ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ መናገር የሚያሻ አይመስለኝም።

ለመሆኑ ለምን ያብጣል?

ኤስኪውኤል ሰርቨር ሦስት የማገገሚያ ሥልቶች አሉት፤ ሲምፕል፣ ፉልና በልክ ሎግድ ይባላሉ። በሲምፕል ያለቀ ሥራ የያዘው የሎግ ቦታ በየጊዜው በራሱ ነፃ ይሆናል። በፉል ግን የሎግ ባክአፕ እስኪወሰድ ድረስ ቦታው አይለቀቅም። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሙሉው ዳታቤዝ ባክአፕ ሎጉን የማያጸዳ መሆኑ ነው። በየሌሊቱ ሙሉ ባክአፕ እየወሰደ «እኔ እኮ ባክአፕ አለኝ» የሚል ባለሙያ ሎጉን አልነካውም። እንዲያውም የሚገርመው ነገር፣ በፉል የተዘጋጀ ዳታቤዝ የመጀመሪያው ሙሉ ባክአፕ እስኪወሰድለት ድረስ የሚሠራው እንደ ሲምፕል ነው። ስለዚህ ሎጉ ማበጥ የሚጀምረው አንድ ጠንቃቃ ሰው ባክአፕ መውሰድ በጀመረበት ዕለት ነው! በስታንዳርድና በኢንተርፕራይዝ እትሞች አዲስ ዳታቤዝ ማንም ሳይመርጠው ፉል ሆኖ ስለሚፈጠር የዚህ ወጥመድ ሰለባ ብዙ ነው።

ሌላው የሚምታታው ሎግን ማጽዳትና ፋይልን ማሳነስ ነው። ሎጉ በውስጡ በትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነፃ ክፍል ካገኘ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ይጽፋል። ማጽዳት ማለት ክፍሎቹን ነፃ ማድረግ ብቻ ነው። በርሜል ውኃው ስለተቀዳለት አያንስም፤ ፋይሉም እንደዚያው ነው። በዲስኩ ላይ 180 ጊጋባይት ይዞ ውስጡ ባዶ የሆነ ሎግ ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ አንዳች ነገር ከመንካት በፊት ሰርቨሩን ራሱን መጠየቅ ይገባል። «ሲስ ዳታቤዝስ» በተባለው ዝርዝር ውስጥ «ሎግ ሪዩዝ ዌይት ዴስክ» የሚል ዓምድ አለ፤ ሎጉ ለምን እንዳልተለቀቀ በአንድ ቃል ይናገራል። በእኔ እምነት ከዚህ ዓምድ የበለጠ ጊዜ የሚቆጥብ ነገር የለም፤ የማያውቁት ባለሙያዎች ብዛት ግን ያስገርመኛል። መልሱ የሎግ ባክአፕ ከሆነ ባክአፑ አልተወሰደም ማለት ነው። ያልተዘጋ ትራንዛክሽን ከሆነ ምናልባት አንድ ሰው ትራንዛክሽን ከፍቶ ሳይዘጋ ምሳ ወጥቷል፤ «ዲቢሲሲ ኦፕንትራን» የተባለው ትእዛዝ የቆየውን ትራንዛክሽን ያሳያል። ይህ ደግሞ ሲምፕልንም አይምርም። መልሱ ሪፕሊኬሽን ከሆነ ለሙከራ ተተክሎ በአግባቡ ሳይነቀል የቀረ ነገር ይፈለግ። በሌላ ሕንፃ ወይም ከተማ ተጠባባቂ ሰርቨር ያላቸው ደግሞ የመገናኛ መስመሩ ሲቋረጥ ሎጉ መስመሩ እስኪመለስ ድረስ እንደሚጠራቀም ይወቁት።

የማይደረጉ ነገሮች

ከሁሉ የከፋው ፋይሉን መሰረዝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አስመጪ ድርጅት ጠርቶኝ ስሄድ የደረስኩት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር። ዲስኩ ሲሞላ ሰርቨሩ በወጉ አልዘጋ ብሎ ኤሌክትሪኩ ተነቅሏል፤ ከዚያም «አላስፈላጊ» የተባለው ሎግ ተሰርዟል። ዳታቤዙ በአግባቡ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ሎጉን እንደ አዲስ መሥራት ይቻል ነበር። በጅምር ላይ እያለ የተቋረጠ ግን ያለ ሎጉ አይነሳም። በግድ የሚያስነሳ መንገድ አለ፤ የትኛው ደረሰኝ ሙሉ፣ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን ማንም ማረጋገጫ አይሰጥም። የመጨረሻው ባክአፕ የ11 ቀን ዕድሜ ነበረው። የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኞች የ11 ቀኑን ሽያጭ ከወረቀት ደረሰኝ እያነበቡ እንደገና አስገቡ።

«ትራንኬት ኦንሊ» የሚለው የቆየ ምክርም ዛሬም ድረስ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ትእዛዙ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው እትም ጀምሮ የለም። በምትኩ ዳታቤዙን ወደ ሲምፕል አድርጎ መመለስ የሚቀናቸው አሉ። ይህ የሎግ ባክአፑን ሰንሰለት ይበጥሰዋል፤ ወደ ፉል ከተመለሰ በኋላ ወዲያውኑ አዲስ ባክአፕ ካልተወሰደ ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ መድን የለውም።

በየሌሊቱ ፋይሉን የሚያሳንስ ሥራ ማስቀመጥም ከንቱ ድካም ነው። ሌሊት ያነሰው ቀን ይመለሳል። ሲያድግ ደግሞ አዲሱ ቦታ በዜሮ መሞላት ስላለበት ተጠቃሚው ይጠብቃል፤ በ2022 እትም ከ64 ሜጋባይት ለማይበልጥ ዕድገት ብቻ ይህ ቀርቷል። ከ2016 እትም በፊት ሎጉ በራሱ የሚያድገው በ10 በመቶ ነበር፤ 200 ጊጋባይት የደረሰ ሎግ በአንድ ጊዜ 20 ጊጋባይት ይጠይቃል ማለት ነው። ከ2016 ወዲህ 64 ሜጋባይት ሆኗል። በጣም ትንሽ በትንሽ ማደጉም ዋጋ አለው፤ የውስጥ ክፍሎቹ በሺዎች ሲቆጠሩ ከመብራት መጥፋት በኋላ ዳታቤዙ ለመነሳት ብዙ ሊቆይ ይችላል።

ሲሞላና ከመሙላቱ በፊት

የ9002 ስህተት መጥቶ ሥራ ከቆመ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ምክንያቱን ማየት፤ ባክአፕ ከሆነ ወደ ሌላ ዲስክ የሎግ ባክአፕ መውሰድ። ያልተዘጋ ትራንዛክሽን ከሆነ ባለቤቱን ቀድሞ መጠየቅ፤ በግድ ማቋረጥ ይቻላል፣ ነገር ግን ሁለት ሰዓት የሠራውን ወደ ኋላ መመለሱም ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ምንም ቦታ ከሌለ በሌላ ዲስክ ላይ ሁለተኛ ሎግ ፋይል ለጊዜው መጨመር ይፈቀዳል። ነገሩ ሲረጋጋ ፋይሉን አንድ ጊዜ ወደ ተገቢው መጠን ማሳነስ ነው።

ተገቢው መጠን ስንት ነው? ቀመር የለውም። ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ትልቁ ነጠላ ሥራ ነው፤ ይኸውም ኢንዴክስ እንደገና መሥራት ወይም የወሩ መዝጊያ። የአሮጌ መረጃ ስረዛም እንዲሁ። አምስት ሚሊዮን ረድፍ በአንድ ትእዛዝ ከመሰረዝ በአሥር ሺህ እየከፋፈሉ፣ በመሐል የሎግ ባክአፕ እየወሰዱ መሄድ ይሻላል። የወር መዝጊያን ጨምሮ አንድ ወር ተከታትሎ ከፍተኛውን መጠን ማየትና ጥቂት መጨመር በቂ ነው።

የሎግ ባክአፕ በየስንት ጊዜው ይወሰድ የሚለው ግን የአይቲ ክፍል ጥያቄ አይደለም። የስንት ደቂቃ ሥራ ቢጠፋ ድርጅቱ ይችለዋል? ይህን ሥራ አስኪያጁ ይመልስ። መልሱ 15 ደቂቃ ከሆነ ባክአፑም በየ15 ደቂቃው ነው። «የአንድ ቀን ቢጠፋ ከወረቀት እናስገባዋለን» ካለ ደግሞ ዳታቤዙን በጽሑፍ ፈቃዱ ሲምፕል አድርጎ መገላገል ይቻላል፤ ማንም የማይወስደው ባክአፕ የሚጠብቅ ፉል ከመያዝ ይሻላል።

ለዓመታት ሳይጠፋ የሚሠራ ሰርቨር ሌላ ጣጣም አለው። ከላይ ያልኩት ተራ የስህተት መዝገብ ወደ አዲስ ፋይል የሚዛወረው ሰርቨሩ ሲነሳ ነው። ሳይነሳ ከቆየ በጊጋባይት የሚቆጠር ጽሑፍ ይሆንና ችግር በመጣ ቀን ለመክፈት እንኳ ያስቸግራል። «ኤስፒ ሳይክል ኤረርሎግ» የሚለውን ትእዛዝ በየሳምንቱ ማስኬድ መፍትሔው ነው። ሰርቨሩ ሌላ ካልተባለ ስድስት የቀድሞ መዝገቦችን ብቻ ስለሚያቆይ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይገባል።

ወደ ሌሎቹ ስንመጣ፣ በማይኤስኪውኤል የሚያብጠው ባይነሪ ሎጉ ነው። ከ8.0 እትም ጀምሮ ማንም ሳያዝዘው ይጻፋል፤ ዕድሜውም 30 ቀን ነው። በቀደሙት እትሞች ባይነሪ ሎግን ያበራ ሰው የጊዜ ገደብ ካላስቀመጠ ፋይሎቹ ለዘለዓለም ይቀመጡ ነበር። በእጅ ሳይሆን በራሱ የማጽጃ ትእዛዝ፣ ተከታይ ሰርቨሮች ማንበባቸው ከተረጋገጠ በኋላ ይሰረዙ። ፖስትግሬስ ሎጉን የሚያስቀምጥበት ማኅደር ስም እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛ እትም ተቀይሯል፤ በስሙ ውስጥ ሎግ የሚል ቃል በመኖሩ ሰዎች አላስፈላጊ መስሏቸው ይሰርዙት ስለነበር ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ ዲስክ የሚሞላው ባለቤቱ የተረሳ የሪፕሊኬሽን ስሎት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2020ው 13ኛ እትም ወዲህ ጣሪያ ማስቀመጥ ይቻላል። በኦራክል የአርካይቭ ቦታው ሲሞላ 257 ቁጥር ያለው ስህተት ይመጣና ለውጥ የሚያደርግ ሥራ ሁሉ ይቆማል። ፋይሎቹ በአርማን መሣሪያ ካልተሰረዙ ኦራክል ቦታው መለቀቁን አያውቅም።

የትኛውም ቢሆን ማስጠንቀቂያ ይዘጋጅለት፤ አንዱ ሎጉ 70 በመቶ ሲሞላ፣ ሌላው የሎግ ባክአፑ ሳይሳካ ሲቀር። መልእክቱ ለሁለት ሰው ስልክ ይድረስ፤ አንዱ ፈቃድ ላይ ሊሆን ይችላልና።