የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች፦ የግንኙነት ሥዕል ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር

እ.ኤ.አ. በ1932 የመጸው ወራት፣ በኒው ዮርክ ግዛት ሐድሰን ከሚገኘው የልጃገረዶች ማረሚያ ትምህርት ቤት 14 ልጃገረዶች በ2 ሳምንት ውስጥ አምልጠው ጠፉ። ቁጥሩ ከተለመደው እጅግ የበዛ ነበር። በዚያ ምርምር ያካሂድ የነበረው የአእምሮ ሐኪም ጄኮብ ሞሬኖ ግን ምክንያቱን በየልጃገረዶቹ ጠባይ ውስጥ አልፈለገም። ከሔለን ጄኒንግስ ጋር በመሆን እያንዳንዷ ልጅ ከማን ጋር መኖር እንደምትሻ ጠየቀ፤ ልጅን በክብ፣ ምርጫን በመስመር እያመለከተም ሣለ። መሳሳብ በቀይ፣ መገፋፋት በጥቁር ተሠመረ። ሞሬኖ ከሥዕሉ ተነሥቶ የማምለጡ ሐሳብ የተላለፈው በዚያው የግንኙነት ሰንሰለት ነው ሲል ደመደመ። በኤፕሪል 1933 እንዲህ ያሉ ሥዕሎች በኒው ዮርክ በሐኪሞች ጉባኤ ላይ ታይተው የጋዜጣ ወሬ እስከ መሆን ደረሱ።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሥዕል ካርታ አይደለም። አዲስ አበባና ናይሮቢ በካርታ ላይ የሚያርፉበት ስፍራ የታወቀ ነው፤ የአንዲት ልጅ ክብ ግን ከወረቀቱ ራስጌ ትሁን ከግርጌ የሚወስን ሕግ የለም። የሚታወቀው ከማን ጋር እንደተያያዘች ብቻ ነው። ቦታውን የሚመርጠው ሠዓሊው ሲሆን፣ ምርጫው ካልበጀ መስመሮቹ እንደተበላሸ ድር ይተበተባሉ። አንዲቱን ክብ ወዲያ ፈቀቅ ለማድረግ የፈለገ ሁሉን ፍቆ እንደገና መሣል ነበረበት።

ከዚህ ድካም የሚገላግለው መንገድ የተከፈተው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ኢቫን ሰዘርላንድ በኤም.አይ.ቲ. ለዶክትሬት ማሟያ በ1963 ያቀረበው ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም፣ ሰው በብርሃን ብዕር የኮምፒውተሩን ስክሪን እየነካ እንዲሥል አስቻለ። አንድ ነጥብ ሲጎተት ከእርሱ ጋር የታሰሩት መስመሮች አብረው ይከተላሉ። ዓላማው የመሐንዲሶች ንድፍ እንጂ የሰዎች ግንኙነት አልነበረም፤ ቢሆንም ዛሬ በማውስ ወይም በጣት ነጥብ የሚጎትት ሁሉ የእርሱ ባለ ዕዳ ነው።

በ1984 ደግሞ በአውስትራሊያ ፒተር ኢድስ ነጥቦቹን እንደ ብረት ቀለበት፣ መስመሮቹን እንደ ሞላ አድርጎ አሰበ። የተያያዙት ይሳሳባሉ፣ ያልተያያዙት ይገፋፋሉ፤ ሁሉም ተለቅቆ እስኪረጋ ይጠበቃል። ከዚያ ወዲህ ሠዓሊው ኮምፒውተሩ ሆነ።

ችግሩ ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ተመልካቹ አንድ ነጥብ በጨመረ ቁጥር ኮምፒውተሩ ሁሉን እንደ አዲስ ካደራጀው፣ ከላይ በግራ የነበረው ታች በቀኝ ይገኛል። ይህ ማለዳ ከቤቱ ወጥቶ ማታ ሲመለስ ሰፈሩ ተቀያይሮ እንደሚያገኝ ሰው መሆን ነው። ኢድስ ራሱ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር በ1995 ባሳተመው ጥናት፣ ተመልካቹ በአእምሮው የያዘው ካርታ መጠበቅ እንዳለበት አስረዳ፦ ነጥቦች ቢገፉም የላይኛው ከላይ፣ የግራው ከግራ፣ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋር ይቅር። በኋላ የመጡት ፕሮግራሞች ተመልካቹ የመረጠውን ነጥብ እንደ ችካል ተክሎ ሌላውን በዙሪያው እንዲያሰፍር ይፈቅዳሉ፤ ለውጡንም በቀስታ እያንቀሳቀሱ ያሳያሉ።

የቀረው ሥጋት ዓይንን ይመለከታል። መሐል ላይ ያረፈ ነጥብ መሪ ይመስላል፤ ጥቂት ከተጎተተ ያው መረጃ ሌላ መሪ ያለው ሊመስል ይችላል። ለሐድሰን ልጃገረዶች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በየትኛው ቤት ከማን ጋር እንደሚኖሩ ለመመደብ የሞሬኖ ጥናት ውጤት ያገለግል ነበርና።