ፈጣኑ የቱ ነው?

የኮምፒዩተር ፍጥነት በምን ይለካል? ሻጭ ቢጠየቅ ሜጋኸርዙን ይቆጥራል። እኛ ግን ታሪኩን እንጠይቅ።

በ1977 እ.ኤ.አ. ቶም ራግና ፊል ፌልድማን በአሜሪካ ይታተም በነበረው «ኪሎባውድ» መጽሔት ላይ ሰባት አጫጭር የቤዚክ ፕሮግራሞች አወጡ። የመጀመሪያው እስከ ሺህ ከመቁጠር በቀር ሥራ የለውም። ያንኑ ፕሮግራም በየማሽኑ አስኪዶ ሰዓት መያዝ ነው፤ በቃ!

በ1981 እ.ኤ.አ. የወጡ ሁለት የእንግሊዝ ማሽኖችን እናወዳድር። ዜድኤክስ 81 በ3.25፣ ቢቢሲ ማይክሮ በ2 ሜጋኸርዝ ይሠሩ ነበር። ቁጥር አይቶ የፈረደ ተሸወደ! በፈተናው ቢቢሲ ጥሎት ይሄዳል። ለምን ቢሉ፣ ሁለቱ ፕሮሰሰሮች በአንድ ምት የሚሠሩት ሥራ እኩል አይደለም። በዚያ ላይ ዜድኤክስ 81 አብዛኛውን ጊዜውን የሚፈጀው ቴሌቪዥኑ ላይ ምስል ሲያወጣ ነው፤ ምስሉን ተወው ሲባል አራት እጥፍ ያህል ይፈጥናል።

ታዲያ ፈተናውስ ይታመናል? በዚያው ዓመት ጂም ጊልብሬዝ በ«ባይት» መጽሔት ሌላ መመዘኛ አቀረበ፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን ቁጥሮች የሚያጣራ፣ የኤራቶስቴንስ ወንፊት የሚባለውን። ያው ዓይነት ፕሮሰሰር በቤዚክ ብዙ ደቂቃ የፈጀበትን ሥራ በአሴምብሊ በሴኮንዶች ጨረሰው። ብረቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ቋንቋው ነው።

እኛ በየሴሚስተሩ በፈተና የምንመዘን ሰዎች ይህ ነገር ሊገባን ይገባል። ቁጥር ብቻውን አይዋሽም፤ እውነቱንም ግን ሁሉ አይናገርም። «ይኼኛው ይፈጥናል» ሲሉን ኪሳችንን ከመፍታታችን በፊት፣ «ምን ሲሠራ? በምን ቋንቋ?» እንበላቸው።